ጎዶሎ ቁጥር

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኬሚያርቪ ስትተኛ፣
እኔና በረዶ መጥረጊያዬ ነን የመንገዷ ዘበኛ።
ሠላሳ አንድ ክረምት ሙሉ በዚሁ ሥራ ላይ ኖሬ፣
የማላውቀው ጥግ የለም ከሐይቁ እስከ ሰፈሬ፤
እንዲያ ነበር የሚመስለኝ።

ዘንድሮ ግን ልጄ ኬርቱ ለበዓል ከሄልሲንኪ መጥታ፣
ከጎኔ ጋቢና ውስጥ፣ እግሯን ማሞቂያው ላይ ዘርግታ፣
ትንፋሻችን ጉም በቀባው በመስኮቱ መስታወት ላይ
በጣቷ ነጥብ ታኖር ጀመር፤ «አባዬ፣ ዝም ብለህ እይ።

መስቀለኛው ነጥብ ይሁን፣ መንገዱ መስመር፤ አበቃ።
የቤቱን ቀለም እርሳው፣ የጥዱን ቁመት፣ የጨረቃ
ብርሃን ያረፈበትን ጣራ፤ ርቀቱን እንኳ ተወው፤
ማን ከማን ጋር ተያያዘ? ጥያቄው ይኼ ብቻ ነው።»

ከፋኝ፣ እውነት ለመናገር። ከተማዬ ተራቁታ
አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ሳያት፣ እንደ ዓሣ ተበልታ።
ግን ደግሞ ያ አጥንት ገረመኝ።
                        ኬርቱ ቀጠለች፦
«ከነጥቡ የሚወጡትን መስመሮች ቁጠር» አለች።
«ሙሉ ከሆኑ ሰላም ነው፤ በአንዱ ገብተህ በአንዱ ትወጣለህ።
ጎዶሎ ከሆኑ ግን፣ የሄድክበትን ትደግማለህ።»

«ጎዶሎ ስንት አለን?» አልኳት። ቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፤
«ሃያ ስድስት።»
«ሃያ ሰባት ቢሆንስ?» ሳቋ መኪናውን አመሰ።
«አይሆንማ! መስመር ሁሉ ጫፉ ሁለት፤ አንዱ ለዚህ፣ አንዱ ለዚያ።
ጫፎቹን ደምረህ ሁሌ ጥንድ ነው የምታገኘው መጨረሻ።
ስለዚህ በየትኛውም ካርታ ጎዶሎ ብቻውን የለም፤
አንዱን ካገኘህ ፈልግ፤ ጎዶሎ ጎዶሎ አያጣም።»

ከዚያ መስታወቱ ጠበባት። መስመሩን በበሩ አዞረች፣
ከሐይቃችን አወጣችና ባሕር ሥር ገመድ ዘረጋች፤
አውሮፕላን፣ ወሬ፣ ጉንፋን፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት፣
ሁሉም የሚሄድ በነጥብ፣ በመስመር፣ በዚሁ ስልት።
«የማታውቀው ሰው ሳል ሦስት እጅ ጨብጦ ቤትህ ይደርሳል፤
አንዲት ክር ብትበጠስ ደግሞ ደሴት ሙሉ ይጨልማል።»

«የሄልቪ ቤት የት አለ?» አልኩ። በጥጉ በኩል አሳየችኝ፤
አንዲት ነጥብ፣ አንዲት መስመር። ጣቷን አንስታ አየችኝ።
«ይኼ መንገድ አይቀጥልም። ገብተህ በዚያው መመለስ ነው።
የማዘጋጃ ቤቱ ኮምፒውተር ኪሳራ ብሎ የመዘገበው
ይኼን ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ለአንድ ቤት። መጨረሻ ላይ አድርጎታል።»

መልስ አልሰጠሁም። መሪው መልስ ይሰጣል።

ሄልቪን ኮምፒውተር አያውቃት። አውቶማቲክ ሳይመጣ በፊት
የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ከዚያ ትልቅ ሰሌዳ ፊት
ተቀምጣ፣ በዚህም በዚያም እጇ ገመድ ስትሰካ ስትነቅል፣
ከተማው በአሥር ጣቷ መሃል ሲያልፍ፣ ሲቀባበል፤
ማን ማንን እንደሚወድ ከራሳቸው ቀድማ ስታውቅ፣
ሰው ጆሮ ያልዋለ ምስጢር እሷ ዘንድ ገብቶ ሲደበቅ።
እኔ የተወለድኩ ሌሊት ጫካ ድረስ ደውላ ለአባቴ
«ወንድ ነው» ያለችው እሷ ናት፣ ገና አቅፋኝ ሳትጠግብ እናቴ።
ያኔ ሺህ መስመር ነበራት።
                        ዛሬ አንድ።
እሱም በረዶ ይለብሳል።

ገባሁ። መብራቷ በርቷል። ከመስኮቱ እጇን አነሣች።
ዞሬ ስመለስም እንደገና። ኬርቱ ምንም አልተናገረች።
መስታወቱ ላይ ያለው ዓለም ሞቀውና ቀለጠ፤
ነጥቡ ከመስመሩ ጋር ወደ ታች አመለጠ።

እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ እነሆ ዘጠኝ ዓመት፣
የኔም ቤት ከሐይቁ ማዶ መውጫው መግቢያ የሆነበት፣
አንድ መስመር ብቻ ያለው ነው።
አንዱን ካገኘህ ፈልግ አላለችም? ፈለግሁ።
በማግሥቱም በረዶ ጣለ።
የሄልቪን በር አስቀድሜ ጠረግሁ።